የተገፋው ወዴት ሄደ? «ሱስን ከሥሩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሱስን ከሥሩ» በሚል ርዕስ የቀረበው ጽሑፍ ጉልበት አለው። ጸሐፊው ቁጣቸውን አልደበቁም። ልጁን በአደንዛዥ ዕፅ ባጣ ወላጅ ፊት ስለ «ሥርዓት» መተንተን ጭካኔ ይመስላል ሲሉም ከልባቸው ነው። ጽሑፉን ያላገኘ አንባቢ ክርክሩን እንዲከተል ዋና ዋና ሐሳቦቹን ላስቀምጥ። ሱስ የግል ምርጫ ነው፤ በአንድ ሰፈር አድገው በሱስ የማይያዙት ስለሚበዙ አካባቢን መውቀስ ሰበብ ነው። መፍትሔው አቅርቦቱን መቁረጥ፣ ወጣቱን ስለ አደጋው ማስተማርና ተጠቃሚውን መቅጣት ነው። ንጹሕ መርፌ ማደልና በሱስ ለተያዘ ሰው ሌላ መድኃኒት መስጠት ሱስን ማመቻቸት ነው። ቅጣትን ያላሉ ቦታዎች ምን እንደደረሰባቸው ደግሞ ታይቷል። በመጨረሻም ሥርዓታዊ አቀራረብ የሚባለው ነገር ሁሉን ከሁሉ አያይዞ ማንንም ተጠያቂ የማያደርግ፣ ሊለካም የማይችል ንግግር ነው።

ከእነዚህ ክሶች አንዱ እውነት አለበት፤ በቦታው እመለስበታለሁ። ሌሎቹ ግን የጋራ ጉድለት አለባቸው። ሁሉም እርምጃው በተወሰደበት ቀን ላይ ይቆማሉ። ማሳው ወደመ፣ ክኒኑ ከገበያ ጠፋ፣ ሰውየው ታሰረ፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። እኔ የምጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። የተገፋው ሰው፣ የተገፋው ገበያ፣ የተገፋው ፍላጎት ወዴት ሄደ? ለእኔ ሥርዓታዊ አቀራረብ ማለት ከዚህ ጥያቄ አለመሸሽ ነው። (የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ምርጫ ነው»

ጸሐፊው አብዛኛው ሰው በሱስ አይያዝም ሲሉ ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ካሉት በላይ ልክ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ሄሮይን ከሞከሩት ሰዎች መካከል ለሱስ የበቁት አንድ አራተኛ ያህሉ ነበሩ። ይህ ቁጥር ግን ክርክራቸውን አይደግፍም፤ ያፈርሰዋል። የሞከሩት ሁሉ ያንኑ ምርጫ መርጠዋል፤ መጨረሻቸው ግን ተለያየ። ምርጫው አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ከምርጫው በፊት የነበረውና ከምርጫው በኋላ የጠበቃቸው ነገር መሆን አለበት። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከተጋላጭነቱ ግማሽ ያህሉን በዘር ከሚወረስ ነገር ጋር ያያይዙታል። ከዚያ የቀረው የተጀመረበት ዕድሜ፣ በልጅነት የደረሰ በደል፣ ያልታከመ የአእምሮ ሕመም፣ የዕፁ ዋጋና ቅርበት፣ አብሮ የሚውለው ሰው ማንነት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የመረጠው የትኛውን ነው?

የቬትናም ጦርነት ይህን ጉዳይ ማንም ቤተ ሙከራ ሊደግመው በማይችል ስፋት አሳይቷል። በ1971 የአሜሪካ መንግሥት በቬትናም ባሉ ወታደሮቹ መካከል ሄሮይን መስፋፋቱን ሲሰማ ደነገጠ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ከጦር ሜዳ የተመለሱትን እንዲከታተሉ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ካነጋገሯቸው ውስጥ ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀራቸው ኦፒየም ወይም ሄሮይን ሞክረዋል፤ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ሱስ ይዞት እንደነበር ተናግሯል። እዚያ ሄሮይኑ ርካሽ፣ ንጹሕና እጅ ላይ ያለ ነበር። ከዚያ ወደ አገራቸው ገቡ። በቬትናም ሱስ ከያዛቸው መካከል በመጀመሪያው ዓመት እንደገና የተያዙት 5 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ያህሉ። አብዛኞቹ ሕክምና እንኳ አላገኙም። በዚያው ዘመን ኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን በሚገኘው የፌዴራል ሆስፒታል ታክመው ከሚወጡ የሄሮይን ሱሰኞች አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ይመለሱበት ነበር።

ሁለቱ ቡድኖች አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ አልልም፤ የሌክሲንግተኖቹ ሱሳቸው የከረመ ነበር። ነገር ግን ወታደሩ ከሱሱ ሲላቀቅ ሄሮይኑን ከሚሸጥለት ሰው፣ አብሮት ከሚወስደው ጓደኛ፣ ከፍርሃቱና ከመሰልቸቱ ጋር በአንድ ቀን ተለያየ። የሌክሲንግተኑ ታካሚ ግን ተሽሎት የተመለሰው ሱሱ ወደ ተወለደበት መንገድ ነው። ጸሐፊው ወታደሮቹ ብርቱ ፈቃድ ነበራቸው ሊሉ ይችላሉ። ያ ብርቱ ፈቃድ ቬትናም እያሉ የት ነበር?

ይህን ስል የሰው ፈቃድ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከሱስ የወጡ ሰዎች ሁሉ በፈቃዳቸው ታግለዋል። ስለ መከላከል ስናወራ ግን የምናወራው ስለ ሕዝብ ነው፤ ሕዝብን በአንድ ጊዜ ቆራጥ የሚያደርግ መመሪያ ደግሞ እስከ ዛሬ አልወጣም። ዋጋን፣ ቅርበትን፣ የሕክምና ወረፋን፣ የልጆችን የዕረፍት ሰዓት የሚቀይር መመሪያ ግን ማውጣት ይቻላል።

«አቅርቦቱን ቁረጡ»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ፤ አቅርቦት ሱስን ይወልዳል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከተፈለገ የአሜሪካ የሕመም ማስታገሻ ቀውስ አለ። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ በ1996 ኦክሲኮንቲንን ለገበያ አቀረበ፤ የሽያጭ ሠራተኞቹም መድኃኒቱ ሱስ የማስያዝ አደጋው አነስተኛ ነው እያሉ በሐኪሞች ቢሮ ዞሩ። በ2007 ኩባንያው ምርቱን በሐሰት በማስተዋወቅ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በ2020 ደግሞ በሌሎች የወንጀል ክሶች ድጋሚ አመነ። በ2012 በአሜሪካ ፋርማሲዎች የተስተናገደው የኦፒዮይድ (እንደ ኦፒየምና ሄሮይን የሚሠራ የሕመም ማስታገሻ) ማዘዣ 255 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። አቅራቢው በጨለማ ድንበር የሚያቋርጥ አዘዋዋሪ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ፈቃድ ያለው አምራች፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም፣ ክኒኑን የሚሸፍንና የአካል ሕክምናውን የማይሸፍን መድን፣ ዘግይቶ የነቃ ተቆጣጣሪ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ እየሠሩ አንድ ላይ ጥፋት አመረቱ። ጸሐፊው «ሥርዓት» የሚለውን ቃል ሰበብ ነው ሲሉ ይህን ምን ብለው እንደሚጠሩት ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከዚያ መቁረጡ መጣ። በ2010 ኦክሲኮንቲን ለመፍጨትና ለመወጋት በማይመች መልክ ተቀየረ። ብልሃቱ በራሱ ተሳካ፤ ክኒኑን መፍጨት አስቸጋሪ ሆነ። የሄሮይን ሞት ግን በ2010 ከነበረበት 3,000 ገደማ ተነሥቶ በ2014 ከ10,000 በላይ ሆነ። ሐኪሞች የሚጽፉት ማዘዣም እየቀነሰ በ2020 ወደ 142 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በዚሁ ጊዜ በመላ አገሪቱ ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የሞተው ሰው በዓመት ከ41,000 ወደ 91,000 አሻቀበ። ማዘዣው በግማሽ ሊቀንስ ሲቃረብ ሞቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፈንታኒል በመካከሉ ገብቷል፤ ከሄሮይን በ50 እጥፍ ገደማ የሚበረታ፣ ማሳ የማይፈልግ፣ በፖስታ ሊላክ የሚችል ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ ነው። ክልከላ ሲጠብቅ ገበያው ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ኃይል ወደሚሸከም ሸቀጥ ማዘንበሉ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ መጠጥ በታገደ ጊዜም ኮንትሮባንዲስቱ ቢራውን ትቶ ጠንካራውን አልኮል መርጧል።

ታዲያ ማዘዣው መቀነስ አልነበረበትም? ነበረበት። ጥፋቱ ያለው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጎ በማየት ላይ ነው። ሞልቶ በሚፈስ በርሜል ላይ ቧንቧውን መዝጋት አዲስ ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ውስጥ ያለው ግን እዚያው ነው። አዲስ ሰው ወደ ሱስ እንዳይገባ ማድረግ አንድ ሥራ ነው፤ አስቀድመው ገብተው ያሉትን ሚሊዮኖች በሕይወት ማቆየትና ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ክኒኑ የተቋረጠበት ሰው በዚያው ሳምንት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን (የሱሱን ሕመምና ጉጉት የሚያስታግሱ የሕክምና መድኃኒቶች) የሚያገኝበት ቦታ ቢኖር ኖሮ ወደ ሄሮይን ሻጩ ለመሄድ የሚገፋው ነገር በቀነሰ ነበር። የተዘጋው በር ብዙ፣ የተከፈተው ጥቂት ሆነ።

ስለ ማሳ ማውደምም ጸሐፊው ጠንከር ብለው ጽፈዋል። ታሊባን በ2022 ያወጀው የኦፒየም እገዳ ከታዩት ሁሉ የከበደ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ እንደገለጸው በ2023 የአፍጋኒስታን የኦፒየም እርሻ በ95 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ምያንማር የዓለም ቀዳሚ ኦፒየም አምራች ሆነች፤ አፍጋናዊው ገበሬ ደግሞ ምትክ ሰብል ሳይኖረው ገቢውን አጣ። እገዳው ምንም አልሠራም ማለት አይቻልም። ግን ከጎኑ ያለው ሁሉ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ሳይታይ 95 በመቶ የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ ድል ማወጅ አይገባም።

አቅርቦትን መቆጣጠር በደንብ የሠራበት ቦታ አለ፤ የሚገርመው ጸሐፊው በአንድ መስመር እንኳ አለማንሳታቸው ነው። ትንባሆ። በ1965 ከአሜሪካ አዋቂዎች 42 በመቶ ያጨሱ ነበር፤ በ2022 ከ12 በመቶ በታች ሆነዋል። አጫሽ ስለሆነ የታሰረ የለም፤ ማሳም አልተቃጠለም። ግብሩ ከፍ አለ፣ ማስታወቂያው ታገደ፣ በሥራ ቦታና በአውሮፕላን ማጨስ ቀረ፣ የመግዣ ዕድሜው ከፍ አለ፣ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ድጋፍ ተዘጋጀ። ዋጋው 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ከ4 እስከ 5 በመቶ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት በተደጋጋሚ የሚጠቅሰው ግምት ነው። ሸቀጡ ሕጋዊ እንደሆነ ስለቀጠለ መንግሥት ዋጋውን፣ ጥንካሬውንና የሚሸጥበትን ቦታ የሚነካበት እጀታ አላጣም።

«ወጣቱን አስተምሩ»

በዚህ ነጥብ ላይ አልቆይም፤ ማስረጃው የጠራ ነው። በ1983 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተጀምሮ በመላ አሜሪካ የተስፋፋው «ዴር» የተባለ ፕሮግራም ፖሊሶችን ወደ ክፍል አስገብቶ ልጆችን ስለ ዕፅ ያስተምር ነበር። ወላጆች ወደዱት፣ ፖለቲከኞች ፎቶ ተነሡበት። በ2003 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት የረጅም ጊዜ ጥናቶችን መርምሮ ፕሮግራሙን በተከታተሉና ባልተከታተሉ ተማሪዎች መካከል ጉልህ ልዩነት እንደሌለ አሳወቀ። ከ1998 እስከ 2004 ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት የወጣቶች የመገናኛ ብዙኃን ዘመቻም ካናቢስን አልቀነሰም፤ እንዲያውም አንዳንድ ልጆች ማስታወቂያውን ባዩ ቁጥር «ሁሉም ሰው ይጠቀማል ማለት ነው» ወደሚል ድምዳሜ ያዘነበሉ መሰሉ።

አሁን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በ1980ዎቹ አጋማሽ በባልቲሞር የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በቡድን ተከፍለው መልካም ጠባይ ያሳየው ቡድን የሚሸለምበት የክፍል ውስጥ ጨዋታ ተጫወቱ። ስለ ዕፅ አንድም ቃል አልተነገራቸውም። ከ19 እስከ 21 ዓመት ሲሆናቸው በድጋሚ ሲጠየቁ፣ ጨዋታውን ከተጫወቱት ወንዶች፣ በተለይ በልጅነታቸው ጠበኛ ከነበሩት መካከል፣ በዕፅ ችግር ላይ የወደቁት በግልጽ አነስ ብለው ተገኙ። ስድስት ዓመት ለሞላው ጠበኛ ልጅ ተቀምጦ መሥራትንና በጓደኞቹ መወደድን ማስተማር፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የሚቀርብለትን ነገር እንዲገፋ አቅም ሰጠው። መከላከል መከላከልን በማይመስል ቦታ ነው የተሠራው።

አይስላንድም እዚህ መጠቀስ አለባት። በ1998 ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆነ ተማሪዎች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናገሩ፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወረደ። ልጆቹ በየጊዜው ይጠየቃሉ፤ ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ለየትምህርት ቤቱና ለየማዘጋጃ ቤቱ ይደርሳል። ስፖርትና ሙዚቃ ለቤተሰብ በድጎማ ቀረበ፣ ወላጆች እርስ በርስ ቃል ተገባቡ፣ ማታ በቡድን ሆነው ሰፈር ዞሩ፣ ልጆች ከመሸ በኋላ ያለ አዋቂ እንዳይወጡ የሚለው ሕግ ተጠናከረ፣ የመጠጥና የትንባሆ ማስታወቂያ ታገደ። በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም በዚያ ዘመን የወጣቶች መጠጥ ስለቀነሰ ምስጋናውን ሁሉ ለፕሮግራሙ መስጠት ይከብዳል፤ አገሪቱም ትንሽ ናት። ቢሆንም ስለ አደጋው ከሚያስፈራራ ንግግር ይልቅ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እራት እስኪቀርብ የሚውልበትን ቦታ መቀየር እንደሚበልጥ ከዚህ የጎላ ምሳሌ አላገኘሁም።

«ጉዳት ቅነሳ ሱስን ያመቻቻል»

ጽሑፉ ላይ ቁጣ ያነሣብኝ ክፍል ይህ ነው። ጉዳት ቅነሳ የሚባለው ሰው ዕፁን ባያቆምም እንኳ የሚደርስበትን ጉዳት የሚያሳንስ እርምጃ ነው። ጸሐፊው ንጹሕ መርፌ ማደልን «ለሌባ ቁልፍ ከመስጠት» ጋር አመሳስለውታል። መርፌ የመንፈግ ሙከራ ተደርጓል፤ ውጤቱም ተመዝግቧል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በስኮትላንድ ኤዲንብራ ሄሮይን ተስፋፋ። ፖሊስ መርፌ የያዘውን ያሳድድ ጀመር፤ ፋርማሲዎችም ለተጠቃሚ መሸጥ አቆሙ። ሎጂኩ የጸሐፊው ነው፤ መርፌ ከሌለ መወጋት ይቀራል። መወጋቱ አልቀረም። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው መዋል ጀመረ፤ በ1986 በከተማዋ የአንድ አካባቢ የሐኪም ቤት ታካሚዎች ሲመረመሩ ከተወጊዎቹ ግማሽ ያህሉ ኤች አይ ቪ በደማቸው ተገኘ። በዚያው ዓመት በሊቨርፑልና በአካባቢዋ መርፌ መለወጥ ተጀመረ፤ እዚያም ሄሮይን እንደ ጎርፍ ገብቶ ሳለ በተወጊዎች ዘንድ የቫይረሱ ሥርጭት ዝቅተኛ እንደሆነ ቆየ። ቫይረሱ ደግሞ በተወጊዎች ብቻ አይቆምም፤ ወደ ትዳር አጋርና ወደሚወለድ ሕፃን ይሻገራል።

ናሎክሶን ደግሞ ከዚህም ቀላል ነገር ነው። በኦፒዮይድ ትንፋሹ የቆመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያስተነፍሳል። ራሱ አያሰክርም፤ እንዲያውም ሱሰኛውን በድንገት ወደ ከባድ ሕመም ስለሚከተው ማንም ለደስታ የሚወስደው ነገር አይደለም። ውጤቱ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ስለሚቆይ አምቡላንስ መጠራቱ ግድ ነው። «ናሎክሶን ካለ ሰው ይደፍራል» የሚለው ክርክር ይህን የመድኃኒቱን ባሕርይ ያላየ ነው።

በሱስ ለተያዘ ሰው ሌላ መድኃኒት መስጠት አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው የሚለውንም አያለሁ። ፈረንሳይ ከ1995 ጀምሮ ተራ ሐኪሞች ቡፕረኖርፊን እንዲያዙ ፈቀደች፤ ልዩ ፈቃድ አላስፈለገም፣ ሩቅ ክሊኒክ ድረስ መመላለስም አላስፈለገም። እስከ 1999 ባለው ጊዜ ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ ወስደው የሚሞቱት በ79 በመቶ ቀነሱ። ሰዎቹ በየቀኑ መድኃኒት መውሰዳቸውን አላቆሙም። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ፍለጋ መሯሯጡን፣ ያልታወቀ ዱቄት መወጋቱንና መሞቱን ግን አቆሙ። ይህን ሱስን ማመቻቸት ብሎ መጥራት የሚቻለው ሞትን ከሒሳቡ ካወጡት ነው።

«ኦሪገንን ተመልከቱ»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ መርጠዋል። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ሕዝብ በ2020 በሰጠው ድምፅ ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ዕፅ መያዝ ከወንጀልነት ወጣ፤ ሕጉ በየካቲት 2021 ሥራ ላይ ዋለ። የተያዘ ሰው የ100 ዶላር ቅጣት ይቆረጥለታል፤ ስልክ ደውሎ የጤና ምርመራ ካደረገ ቅጣቱ ይነሣለታል። የደወሉት ከቁጥር የሚገቡ አልነበሩም። ለሕክምና የተመደበው ገንዘብ ከሕጉ በኋላ ዘግይቶ ተለቀቀ። ፈንታኒል የአሜሪካን ምዕራብ ያጥለቀለቀውም በዚያው ሰሞን ነው፤ የእርሱን መግባት ከግምት ያስገባ ጥናት ሕጉ ለሞቱ መጨመር ምክንያት ሆኖ አላገኘውም። ሕዝቡ ግን በየመንገዱ በሚያየው ነገር ተማረረ፤ በመስከረም 2024 ዕፅ መያዝ እንደገና ወንጀል ሆነ።

ስለዚህ ኦሪገን አልከሸፈችም ብዬ አልከራከርም። ከሽፋለች፤ የከሸፈችው ግን ጸሐፊው ባሰቡት ምክንያት አይደለም። ያለውን አንዱን ክር በጠሰች፤ በምትኩ የሚይዘውን ሌላ ክር አላሰረችም። ፖርቱጋል በ2001 ያደረገችው በወረቀት ሲታይ ተመሳሳይ ነው፤ እስከ አሥር ቀን የሚበቃ ዕፅ የያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም። ነገር ግን የሕግና የጤና ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ከተቀመጡበት ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ፊት በአካል ይቀርባል። ኮሚሽኑ ሰውየውን ያነጋግራል፣ ሱስ ካለበት ወደ ሕክምና ይመራዋል፣ ሕክምናውም አለ። ከመርፌ ተጠቃሚዎች መካከል በዓመት አዲስ የሚመዘገበው ኤች አይ ቪ ከ1,000 በላይ ከነበረበት በ2012 ከ100 በታች ወረደ። ከዚያ የገንዘብ ቀውሱ መጣ፤ ይህን ሁሉ ያስተባብር የነበረው ተቋም በ2012 ፈርሶ ሥራው ተበታተነ፤ ከዓመታት በኋላ በፖርቶ ጎዳናዎች የዕፅ አጠቃቀም እንደገና ጎልቶ ታየ፣ ነዋሪውም ምሬቱን አሰማ። ዕፅ መያዝን ከወንጀልነት ያወጣው ሕግ ግን አልተሻረም። የተቀየረው በሕጉ ዙሪያ የነበረው ነው። ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን ሳይ ስለ ቅጣት ጥንካሬ የሚነግሩኝ ነገር ጥቂት ነው፤ የተያዘ ሰው ከተያዘባት ደቂቃ በኋላ ማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ ግን ብዙ ይነግሩኛል።

«አይለካም፣ ማንም አይጠየቅበትም»

እውነት አለበት ያልኩት ክስ ይህ ነው። ሥርዓታዊ አቀራረብ በሚል ስም የሚቀርቡ ሰነዶች ብዙዎቹ ያሰለቹኛል። ገጽ የሚሞላ ሥዕል ይሳላል፤ ድህነት ከትምህርት፣ ትምህርት ከጤና፣ ጤና ከመኖሪያ ቤት በቀስት ይያያዛል፤ ከዚያ «ባለድርሻ አካላት በቅንጅት» የሚል ዓረፍተ ነገር ይከተላል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሁሉም የሚመለከተው ጉዳይ ማንንም የማይመለከት ሆኖ ይቀራል። ጸሐፊው ይህን ሲያሾፉበት አብሬያቸው ሳቅሁ።

ግን ተቃዋሚው ወገን የሚለካውስ ምንድን ነው? የተያዘ ኪሎ ግራምና የታሰረ ሰው። እነዚህ የፖሊስን ድካም ይለካሉ። የተያዘው ዕፅ ካምናው በእጥፍ ቢበልጥ ፖሊስ ጎበዘ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የገባው ዕፅ በእጥፍ ጨመረ ማለትም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም።

ሥርዓቱን ለመለካት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በዓመት ስንት አዲስ ሰው ጀመረ፣ በስንት ዓመቱ? እርዳታ የጠየቀ ሰው ሕክምና እስኪጀምር ስንት ቀን ጠበቀ? ከጀመሩት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ አሉ? ከመጠን በላይ ወስደው ከሞት ከተረፉት ውስጥ ስንቱ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሕክምና ተሸጋገሩ? እያንዳንዱ ቁጥር የሚጠየቅበት አንድ መሥሪያ ቤት ይኑረው፤ የወረፋው ቀን ከአሥር ወደ ሠላሳ ሲያድግ ማን ይጠራ እንደሆነ ይታወቅ። ቀስት የበዛበትን ሥዕል ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል።

ሰፊ እርምጃ አይለካም ለሚለውም ስኮትላንድ መልስ አላት። በግንቦት 2018 የአልኮል መጠጥ በአልኮል ይዘቱ ልክ ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ደነገገች፤ ወለሉ ለአንድ መለኪያ (10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል) 50 ፔንስ ነበር። ድንጋጌው ሲወጣ ከእንግሊዝ ጋር የሚያነጻጽር ግምገማ አብሮ ታዘዘ። በ2023 የታተመው ትንታኔ ሙሉ በሙሉ በአልኮል ምክንያት የሚደርስ ሞት በ13.4 በመቶ መቀነሱን ገመተ። ሕጉ ራሱም ፓርላማው እንዲቀጥል ካልወሰነ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲያበቃ ቀነ ገደብ ተጽፎበት ነበር። ቅጣት ይጠንክር የሚሉ ሕጎች እንዲህ ያለ አንቀጽ ይዘው ሲወጡ ማየት እመኛለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጸሐፊው ተጠቃሚው ይታሰር ብለዋል። ይሁን፤ ታሰረ እንበል። በእስር ቤት ወራት ሲቆይ ሰውነቱ ለዕፁ የነበረውን መላመድ ያጣል። ሲወጣ የድሮውን መጠን ቢወስድ ያ መጠን ይገድለዋል። በዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተለቀቁ ከ30,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለና በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን በላይ ዕፅ ወስዶ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ መሆኑን አሳየ። በእንግሊዝ እስር ቤቶች ውስጥ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰዱ የወጡት ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የሞታቸው መጠን ሳይወስዱ ከወጡት በ75 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሮድ አይላንድ ግዛት በ2016 በእስር ቤቶቿ ይህን ሕክምና ስትጀምር ከእስር በወጡ ሰዎች ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ሞት በአንድ ዓመት ውስጥ በ61 በመቶ ቀነሰ። «ሱስን ከሥሩ» በሚለው ጽሑፍ ውስጥ ስለ መታሰር አራት አንቀጽ አለ፤ ስለ መፈታት ግን አንድም መስመር የለም። ጸሐፊው መልስ የሚጽፉ ከሆነ ከዚያ እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ፤ ሰውየው የእስር ቤቱን በር በሚወጣበት ጠዋት ኪሱ ውስጥ ምን ይኑር፣ በር ላይ ማን ይጠብቀው፣ የዚያ ቀን ማታስ የት ይደር?